የመንገድ ጨው በሰመር ለምን ይገዛል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሚኒሶታ ባለን ሐበሾች መካከል ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ተቆጥተዋል። ያስቆጣቸው በዊንተር በረዶ እንዲያቀልጥ አስፋልት ላይ የሚበተነው የመንገድ ጨው ነው። ሰው ገና ቁምጣ ለብሶ ሐይቅ ዳር ሥጋ በሚጠብስበት ወር፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖልን የመሳሰሉ ከተሞች ለዊንተር የሚሆን ጨው በሺህ ቶን ያዛሉ። ይህ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ሜዳ ላይ መድፋት ነው ይላሉ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ጨው የሚገዛው ስኖው ሲመጣ ነው፤ ስኖውም እንደ ድሮው አይመጣም፤ ቢመጣም ጨው በሚኒሶታ ብርድ ስለማይሠራ አሸዋ ይበቃል፤ ጨው ሐይቁንም መኪናውንም ጨርሷል፤ ስኖው በጣለ ቀን ሰው ቤቱ ይቀመጥ። በመጨረሻም፣ መግዛቱ ካልቀረ ለምን ከአፋር አይገዙም የሚል ነገር ጣል አድርገዋል።

ጽሑፉ ጨዋታ ያውቃል። ቁጣውም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የንብረት ግብር በየዓመቱ ሲጨምር እያየ ዝም የሚል ሰው የለም። የምስማማበትም ነጥብ አለ፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ። ግን ጣታቸውን የቀሰሩት ያለ ቦታው ነው። ከተማው ጨው መግዛቱ፣ ያውም ቀደም ብሎ መግዛቱ፣ ከጠቅላላው ነገር በደንብ የተሠራው ክፍል ነው። ጥያቄ የሚያስነሳው ጨዉ ከመጋዘን ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው።

ከዋናው ልጀምር። ስኖው ሲመጣ ይገዛ ይላሉ።

ከየት? ይህን ጥያቄ ጽሑፉ አላነሳም። ሚኒሶታ የጨው ማዕድን የላትም። ዲትሮይት ብንኖር ነገሩ ሌላ ነበር፤ እዚያ ጨዉ ያለው ከከተማው ሥር፣ 1,200 ጫማ ያህል ወደ ታች ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ግን ከሩቅ ነው። ከሉዊዚያና ማዕድኖች የሚወጣው ጨው ባርጅ በሚባለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ላይ ሆኖ ሚሲሲፒን ሽቅብ ይጓዛል። አንድ ባርጅ 1,500 ቶን ያህል ይይዛል። ያንኑ በመኪና እናምጣው ቢባል ለአንዱ ባርጅ ጭነት ብቻ 60 ገደማ ትላልቅ ትራኮች ያስፈልጋሉ። ጨው ደግሞ ርካሽና ከባድ ዕቃ ነው። እንደ ዓመቱና እንደ ቦታው ይለያያል እንጂ፣ አንድ ቶን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ዋጋውን የሚወስነው ማጓጓዣው ነው። በውሃ የመጣና በመኪና የመጣ ጨው ዋጋቸው አይቀራረብም።

ወንዙ ደግሞ ይዘጋል። ሴንት ፖል የደረሰው የመጨረሻው ባርጅ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር መጨረሻ ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ከዚያ እስከ ማርች ድረስ የሚመጣ የለም። ወንዙ ላይ ባለው ሐይቅ፣ ሌክ ፔፒን፣ ላይ ያለው በረዶ እስኪሳሳ ድረስ ወደ ላይ የሚያልፍ አይገኝም። በታላላቆቹ ሐይቆች አድርጎ ዱሉዝ የሚገባውም ከዚህ አያመልጥም፤ በሐይቆቹ መካከል ያለው «ሱ ሎክስ» የሚባለው የመርከብ መተላለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች 25 ገደማ ዝግ ነው። እንግዲህ ስኖው ሲጥል እንግዛ ማለት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ እንዘዝ ማለት ነው።

ወንዙ ክፍት ሆኖም ዋስትና የለውም። በ2022 መኸር ላይ የታችኛው ሚሲሲፒ ውሃ ክፉኛ ቀነሰ። ባርጆች ተደርድረው ቆሙ፤ የማጓጓዣ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ2023ም ውሃው እንደገና አነሰ። በጊዜ ያዘዘና በጊዜ የተቀበለ ከተማ ያን ሰዓት ጨዉ ጣሪያ ሥር ነው። ኦክቶበር ላይ የነቃው ግን ከእህል ነጋዴው ጋር ለባርጅ ይጋፋል። እናቶቻችን የዓመቱን ጤፍ የሚገዙት ጥር ላይ አዲሱ እህል ገበያ ሲወጣ እንጂ ሐምሌ ላይ ጎተራ ሲራቆት አልነበረም። ከተማውም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የውሉንም ነገር እንየው፤ ጽሑፉ ብዙ የተናደደው በእሱ ነውና። ከተሞች ብዙውን ጊዜ ለየብቻቸው ጨው ፍለጋ አይዞሩም። ስቴቱ የሁሉንም ፍላጎት ሰብስቦ ጨረታ ያወጣል። እያንዳንዱ ከተማ ይህን ያህል ቶን ያስፈልገኛል ብሎ ቀድሞ ያስመዘግባል። በየስቴቱ ቁጥሩ ቢለያይም፣ የተለመደ አንድ የውል ዓይነት 80 በ120 የሚሉት ነው። ከተማው 1,000 ቶን አስመዘገበ እንበል። ዊንተሩ ቢለሰልስም 800 ቶን የመውሰድ ግዴታ አለበት። ቢከፋ ደግሞ ሻጩ እስከ 1,200 ቶን ድረስ በዚያው ዋጋ ያቀርባል። ዋጋው ቀድሞ ተቆርጧል፤ ስኖው በጣለ ማግስት የሚወጣ አዲስ ዋጋ የለም።

ጸሐፊው ያዩት 800ውን ብቻ ነው። ከተማው ሳይፈልግ እንዲገዛ ተገደደ አሉ። 1,200ውን ዘለሉት። ውሉ ያሰረው ሁለቱንም ነው፤ ሻጩም ታስሯል። ከውል ውጭ የመጣ ገዢ ግን ማንንም አላሰረም። በክፉ ሳምንት ሻጭ መጀመሪያ የሚያደርሰው ውል ላለው ነው። ከተረፈው ለሌላው ይሰጠዋል፤ ዋጋውንም ያኔ ይነግረዋል።

ይህ ግምት አይደለም፤ በ2013–14 ዊንተር ታይቷል። ያን ዓመት ከሚድዌስት እስከ ምሥራቁ ጠረፍ ብርዱና ስኖው ፋታ አልሰጠም። ጨው ከየመጋዘኑ አለቀ። በፌብሩዋሪ 2014 ኒው ጀርዚ መጋዘኗ ሲራቆት፣ 40,000 ቶን ጨው ሜይን ውስጥ ሲርስፖርት ወደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሊያመጣው ይችል የነበረው መርከብ እዚያው ቆሟል፤ ነገር ግን የውጭ አገር ባንዲራ ነው ያለው። ከ1920 ጀምሮ ያለው የጆንስ ሕግ ደግሞ፣ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ዕቃ የሚያመላልሰው አሜሪካ የተሠራ የአሜሪካ መርከብ ብቻ ነው ይላል። ኒው ጀርዚ ልዩ ፈቃድ ጠየቀች፤ አላገኘችም። በባርጅ ጥቂት በጥቂት ማመላለስ ግድ ሆነ። ገንዘብ ነበራት፣ ጨዉም ነበረ፣ የጠፋው ማምጫው ነው። ጦሱ ለሚቀጥለው ዓመትም ተረፈ። መጋዘናቸው ባዶ የቀረ ከተሞች ሁሉ ባንድ ጊዜ ገበያ ሲወጡ፣ ለ2014–15 የቀረበው ዋጋ አንዳንድ ቦታ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ማዕድኖቹም ብዙ አይደሉም። ኦንታሪዮ ጎደሪች ውስጥ፣ ከሌክ ሂውረን ሥር ያለው ማዕድን የዓለም ትልቁ የከርሰ ምድር ጨው ማዕድን ነው፤ በ2018 ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ሳምንታት ቆይተዋል። ሉዊዚያና ኤቨሪ አይላንድ ላይ በዲሴምበር 2020 የማዕድኑ ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ ማዕድኑም ከዚያ በኋላ ተዘጋ። አንድ ጉድጓድ ሲዘጋ ሕመሙ የሚሰማው ሺህ ማይል ርቆ ነው። እስከ ዲሴምበር ልጠብቅ የሚል ከተማ ይህን ሁሉ ምንም አይሆንም ብሎ ተወራርዷል ማለት ነው።

ስለ ማጓጓዣ ካነሣን አይቀር የአፋሩንም ነገር እዚሁ ልቋጨው። ሐሳቡ ደስ ይላል። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለበት አገር ልጆች ነን፤ ጨው ሲነሣ አገራችን ትዝ ቢለን አይፈረድብንም። ግን የመንገድ ጨው የሚያዋጣው ማዕድኑ ለወደብ ሲቀርብ ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከቺሊ ጨው ያስመጣል፤ የሰሜን ቺሊ ማዕድን ከባሕሩ ጎን ነው። ከዳሎል ወይም ከአፍዴራ ተጭኖ ጅቡቲ እስኪደርስ ግን ዋጋው እዚያው ያልቃል። ጅቡቲ ራሷም የአሳል ሐይቅ ጨው አላት፤ እሱን ለመላክ በ2017 ጉቤት ላይ ወደብ ከፍታለች። ይህን ሁሉ አልፎ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ሚሲሲፒን ሽቅብ ወጥቶ ሴንት ፖል የደረሰ የአፋር ጨው ወጥ ውስጥ ቢገባ ነው የሚሻለው፤ መንገድ ላይ ለመበተን ያሳዝናል።

ስኖው ቀርቷል ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ የ2023–24 ዊንተር ነው። ማስረጃው ልክ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ዊንተር ነበር። ትዊን ሲቲስ፣ ማለት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ላይ ወቅቱን ሙሉ የጣለው ስኖው 30 ኢንች ገደማ ነው፤ የተለመደው 51 ኢንች አካባቢ ሆኖ ሳለ። ግን አንድ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ቢመለሱስ? በ2022–23 የጣለው 90 ኢንች ነው። በዚህ አካባቢ መዝገብ ሦስተኛው ከፍተኛ። ያን ዓመት መኪናውን ከክምር ውስጥ ቆፍሮ ያላወጣ፣ መንገድ እስኪጠረግ መኪና ማቆም የሚከለክለው ስኖው ኢመርጀንሲ ታውጆ ያለ ቦታው አቁሞ ያልተጎተተበት ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ። ሰኔ ላይ ውል የሚፈርም ሰው የትኛው እንደሚመጣ የሚነግረው የለም።

ደግሞም ጨው የሚያስፈልገው ስኖው ሲበዛ ብቻ አይደለም። ሞቃት ዊንተር ማለት ሙቀቱ ውሃ በሚረጋበት መስመር ላይ ሲዋልል የሚከርምበት ዊንተር ነው። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል። በቀዘቀዘ መሬት ላይ ዝናብ ይዘንባል። ስኖው ሲሆን ፕላው የሚባለው የመንገድ መጥረጊያ መኪና ገፍቶ ዳር ያወጣዋል። አስፋልት ላይ የተለጠፈ ብላክ አይስ፣ ለዓይን የማይታየው ስስ በረዶ፣ ግን አይገፋም። እሱን የሚያላቅቀው ጨው ነው። አራት ኢንች ስኖው ከጣለበት ቀን ይልቅ፣ ምንም ሳይጥል ካፊያ ብቻ የረጋበት ማለዳ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ሌሊት የሚነዳ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ለመሆኑ ጨው ይበላሻል? ጣሪያ ሥር፣ ደረቅ ወለል ላይ ከተቀመጠ አይበላሽም። ቢረጋና ቢቋጠር ይሰበራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይውላል። ዝናብ የሚመታው ክምር ግን እየሟሟ አፈር ውስጥ ይገባል፤ እሱ ገንዘብም ውሃም ያበላሻል። ለስላሳ ዊንተር ሲመጣ መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ ሌላ 80 በመቶ ተቀበል መባሉ ራስ ምታት እንደሆነ አልክድም። መፍትሔው ግን በሚቀጥለው ሰመር የሚያስመዘግቡትን ቶን መቀነስ ነው።

ጨው በሚኒሶታ ብርድ አይሠራም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በስንት ዲግሪ እንደሆነ ካልተነገረ ግን ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይልም። በ30 ዲግሪ ፋራናይት አንድ ፓውንድ ጨው 46 ፓውንድ ያህል በረዶ ያቀልጣል፤ ያውም በደቂቃዎች። በ20 ዲግሪ ያው አንድ ፓውንድ የሚያቀልጠው 9 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። በ10 ዲግሪ ወደ 5 ይወርዳል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ከ15 ዲግሪ በታች ተራ ጨው አትበትኑ የሚባለው ለዚህ ነው። የሚለካው ደግሞ የአየሩ ሳይሆን የአስፋልቱ ሙቀት ነው። ፀሐይ ያገኘው አስፋልት ከአየሩ ይሞቃል። ድልድይ ግን ከታችም ነፋስ ስለሚመታው ቀድሞ ይረጋል።

ስለዚህ ከዜሮ በታች 10 በሆነ የጃንዋሪ ማለዳ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ያን ዕለት ነጩን ጨው ብቻውን የሚበትን ሰው ሥራውን አያውቅም። ነገር ግን ብዙው ስኖው የሚጥለው፣ ዝናቡም የሚረጋው፣ በ20ዎቹና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ጨው በደንብ የሚሠራበት ሙቀት ነው። ብርዱ ሲከፋ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። እነዚህ ከተራው ጨው እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ይሠራሉ። ውድ ስለሆኑ ግን በቁጠባ ነው።

አሸዋስ? አሸዋ ምንም አያቀልጥም። ጎማ እንዲይዝ ያግዛል፤ እሱም መኪና እየተመላለሰ ዳር እስኪያወጣው ድረስ ነው። ጽሑፉ ያልነገረን ነገር ደግሞ አለ፦ የአሸዋው ክምር ራሱ እንዳይረጋ ጨው ይደባለቅበታል። ስፕሪንግ ሲመጣ መጠረግ አለበት። ያልተጠረገው የጎርፍ ቱቦ ይደፍናል፣ ሐይቅ ይገባል። ዴንቨር በ1990ዎቹ ከዚሁ ጋር ስትታገል ነበር። መንገድ ላይ የተበተነውን አሸዋ መኪና እየፈጨ አቧራ ያደርገዋል፤ የከተማዋን አየር ካደፈረሱት አንዱ እሱ ስለነበር አሸዋ መበተን ተገደበ። አሸዋ ቦታ የለውም አልልም። ብርዱ ጨዉን ሲያሰንፈው፣ ዳገት ላይ፣ ደጃፍ ላይ ጥሩ ነው። የሚኒያፖሊስ ከተማ ለነዋሪዎቹ አሸዋ በነፃ ይሰጣል፤ ባልዲ ይዞ ሄዶ መውሰድ ነው። ብዙ ሰው አያውቅም። ጽሑፉ ይህን ቢነግረን ኖሮ ባመሰገንኩ።

ቤት ተቀመጡ የሚለው ምክር ላይ ስደርስ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ማን ነው ቤቱ የሚቀመጠው? ላፕቶፑን ከፍቶ የሚሠራ ይቀመጥ። የእኛ ሰው ነርሲንግ ሆም የሌሊት ተረኛ ነው። ኤርፖርት ነው የሚሠራው። ኡበርና ሊፍት ይነዳል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። አረጋውያን ቤት እየሄደች የምታጥብና መድኃኒት የምታቀብል እህታችን ስኖው ጣለ ብላ ብትቀር፣ አልጋ ላይ ያሉት እናት ማንን ይጠብቁ? እሷስ የቀረችበትን ቀን ማን ይከፍላታል? አምቡላንስና እሳት አደጋም ቤት አይቀመጡም።

በ1992 የማርኬት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጨው ከመበተኑ በፊትና በኋላ የደረሱ አደጋዎችን አነጻጽረው ነበር። ባለ ሁለት ሌን መንገዶች ላይ አደጋው 88 በመቶ ቀንሶ አገኙት። የጥናቱን ወጪ የቻለው የጨው አምራቾች ተቋም ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ግማሹን ጣሉት። የቀረውም ብዙ ነው።

አሁን የምንስማማበት ጋ ደረስን፤ ሐይቆቹ ጋ።

ጨው ውሃ ውስጥ ከገባ አይበሰብስም፣ አይተንም፣ አይወጣም። የሚኒሶታ የብክለት መቆጣጠሪያ ኤጀንሲ እንደሚያስተምረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል። ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ የምናየው ባለ 50 ፓውንዱ ከረጢት 10,000 ጋሎን ይበክላል። የፌዴራሉ መለኪያ ክሎራይድ በአንድ ሊትር ከ230 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ከቆየ በውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳል ይላል። ሚኒሶታ ውስጥ በክሎራይድ ተጎድተዋል ተብለው የተመዘገቡ ከ50 በላይ ሐይቆች፣ ወንዞችና ጅረቶች አሉ። ብዙዎቹ እዚሁ ሠፈራችን ናቸው። ብሩክሊን ፓርክንና ብሩክሊን ሴንተርን አቋርጦ ሚኒያፖሊስ የሚገባው ሺንግል ክሪክ አንዱ ነው። መሐል ከተማ ያለው የሎሪንግ ፓርክ ኩሬም አለበት።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያሰሉ ደግሞ ትዊን ሲቲስ ላይ ከሚበተነው ጨው ከአራት ሦስት እጁ ያህል እዚሁ እንደሚቀር አገኙ። ሐይቅ ውስጥ፣ ረግረግ ውስጥ፣ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ። ጨዋማ ውሃ ከባድ ነው። ከሐይቁ ሥር ይተኛል፤ የላይኛውና የታችኛው ውሃ እንዳይደባለቅ ያደርጋል፤ ታች ያለው ኦክስጅን ያጥረዋል። ኒው ሃምፕሻየር በ1938 የመንገድ ጨውን ስትሞክር ማንም ይህን አላሰበም። በ1941–42 ዊንተር በመላው አገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተበተነው ጨው 5,000 ቶን ብቻ ነበር። ዛሬ በሚሊዮኖች ቶን ነው የሚቆጠረው።

የመኪናውም ነገር ልክ ነው። የአሽከርካሪዎች ማኅበሩ ትሪፕል ኤ በ2017 እንደገመተው፣ የአሜሪካ አሽከርካሪዎች በመንገድ ጨው ዝገት ምክንያት ለጥገና የሚያወጡት በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የፍሬን ቱቦ ሲበላ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ዊንተርን ሙሉ መኪናውን ከሥር ሳያሳጥብ የሚከርም ሰው በራሱ ላይ ነው የሚፈርደው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ መግዛቱ ይቁም? አይደለም። ሐይቁን የሚበክለው የተበተነው ጨው እንጂ መጋዘን የተቀመጠው አይደለም። ውሉ ውሰድ ይላል እንጂ በትን አይልም። እዚህ ላይ ጽሑፉ ትልቁን ነገር አለፈው።

የከተማው አበታተን ከድሮው ተሻሽሏል። ስኖው ሊጥል ሲል አስፋልቱ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ነጫጭ መስመሮች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ 23 በመቶ ያህል ጨው ያለበት ውሃ ነው። ቀድሞ ከተረጨ ስኖው አስፋልቱ ላይ አይጣበቅም። ኋላ ከሚበተነው ደረቅ ጨው በጣም ባነሰ መጠን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ደረቁም ቢሆን ከመበተኑ በፊት ሲረጥብ ነጥሮ ጉድጓድ አይገባም። የብክለት መቆጣጠሪያው ኤጀንሲ ስማርት ሶልቲንግ የሚባል ሥልጠና አለው፤ የከተማ ሠራተኞችም የግል ኮንትራክተሮችም ይወስዱታል። የሚበትነው ማሽን በየዓመቱ መለካት አለበት። ያልተለካ ማሽን ምን ያህል እንደሚበትን ነጂው ራሱ አያውቅም።

ችግሩ የገነነው ከመንገዱ ውጭ ነው። ፓርኪንግ ሎት። የሱቅ፣ የቢሮ፣ የአፓርታማ፣ የቤተ እምነት፣ የእኛም አዳራሾች ጭምር። ጫማ ሥር እንደ ጠጠር እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ጨው የሚደፋባቸው ቦታዎች አሉ። በረዶው ከቀለጠ በኋላም ጨዉ እዚያው ነጭ ሆኖ ይተኛል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቱቦው ይገባል። ኮንትራክተሩ ይህን የሚያደርገው ጨው ስለሚወድ አይደለም። አንድ ሰው ቢወድቅ ይከሰሳል። ብዙ በተንክ ብሎ የሚከሰው የለም፤ አነሰ ብሎ ግን ጠበቃ ይዞ የሚመጣ አለ። ስለዚህ ይደፋዋል።

ኒው ሃምፕሻየር ይህን አይታ በ2013 ሕግ አወጣች። የጨው አበታተን ሥልጠና ወስዶ የተመዘገበና በአግባቡ የሠራ ኮንትራክተር፣ በበረዶ ለወደቀ ሰው ያለበት ተጠያቂነት ይገደባል። የሚኒሶታ ምክር ቤት ፊትም ተመሳሳይ ረቂቅ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቧል። ጸሐፊው ያን ሁሉ ቁጣ እዚህ ላይ ቢያፈሱት ሐይቆቹ ይጠቀሙ ነበር።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ደጃፍህ ላይ ያለውን የእግረኛ መንገድ የምታጸዳው አንተ ነህ። ስኖው ካቆመ በኋላ ለመኖሪያ ቤትና ለዱፕሌክስ 24 ሰዓት፣ ለአፓርታማና ለንግድ ቤት በቀን ብርሃን 4 ሰዓት ነው የተሰጠው። ብዙዎቻችን አካፋውን ትተን ከከረጢቱ እንጀምራለን። አካፋ ይቅደም። ከዚያ በኋላ አንድ የቡና መግ ጨው 20 ጫማ ድራይቭዌይ ይበቃል። ከረጢቱን ዘቅዝቀው የሚደፉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ይህን ካነበቡ እነሱን ማለቴ ነው።

ጸሐፊው በጀቱ ሲቀርብ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እንድንገኝ ጠርተዋል። እኔም እሄዳለሁ። ለምን በሰመር ገዛችሁ ብዬ ግን አልጠይቅም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ባለፈው ዊንተር ለአንድ ሌን ማይል፣ ማለት ለአንድ ሌን አንድ ማይል ርዝመት፣ ስንት ፓውንድ በተናችሁ? ከጨው በታኝ መኪኖቹ ውስጥ በዚህ መኸር የተለኩት ስንት ናቸው? የከተማው ንብረት በሆኑት ፓርኪንግ ሎቶች ላይ የሚሠራው ኮንትራክተር ሥልጠናውን ወስዷል? የሚከፈለውስ በበተነው ፓውንድ ልክ ነው ወይስ በሠራው ሥራ? ከአምና የተረፈው ጨው ጣሪያ ሥር ነው ያለው?